ምዕራፍ ሰባት፦ ባለቤት ያለው ቀን

ከወልድያ ወደ ወረታ የሚዘልቀው መንገድ ወደ ላሊበላ የሚገነጠለው ጋሸና ላይ ነው። የከተማዋ ከፍታ ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል፤ ብርዷም ቀላል አይደለም። በዚህ ደጋ ሥራን ያሳደረ ሰው ዋጋውን ቶሎ ይከፍላል። የበልግ ገብስ ዝናቡ እንደጣለ መሬት ካልገባ፣ በአግባቡ ሳይደርስ የክረምቱ ዶፍና በረዶ ይቀድመዋል። ለመኸር ዘግይቶ የተዘራውን ደግሞ ፍሬው ሳይጠና ውርጭ ይመታዋል።

ጥቂት ቀን፣ የታወቀ ቀን

በዚሁ አካባቢ፣ በላስታና በዋድላ ገጠር፣ የእርሻ ቀን እንደልብ አይገኝም። ቅዳሜና እሑድ በአብዛኛው አይታረስም። በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔ ዓለም፣ በ29 በዓለ ወልድ አለ፤ የአጥቢያው ታቦት ሲጨመርበት፣ ከወሩ 30 ቀን ለማረሻ የሚተርፈው ከግማሽ ብዙም አይበልጥም። ነገር ግን ገበሬው በየማለዳው «ዛሬ ልሥራ ወይስ ልረፍ?» እያለ ከራሱ ጋር አይሟገትም፤ የሚያርፍበትም የሚሠራበትም ቀን አስቀድሞ ተለይቷል። ብዙዎቻችን ግን በየቀኑ አዲስ ውሳኔ እንጠብቃለን፤ ስንወስንም ለነገ እናዳላለን።

የወንፈል ትምህርት

ይኸው ትጉህ ገበሬ የጎተራውን ክዳን መጠገን ለወራት ሊያሳድር ይችላል። አጨዳውን ግን አያሳድርም፤ አጨዳው ወንፈል አለበት። ሰኞ ጎረቤቶቹ የእርሱን ማሳ ያጭዳሉ፣ ማክሰኞ ተራው የሌላው ነው። ደቦ የሚጠራ ሰው ጠላና እንጀራ አሰናድቶ ጉልበት ይለምናል፤ በወንፈል ግን ቀን የሚከፈለው በቀን ነው። መምጣት ያልቻለ ልጁን ወይም ወንድሙን ይልካል፤ ያም ካልሆነ ዕዳው ይቆያል። ጎተራው ከባለቤቱ በቀር የሚጠብቀው የለም፤ አጨዳውን ግን ማጭድ ይዞ የሚጠብቅ ሰው አለ። የዚህ ምዕራፍ ነገርም ይኸው ነው፦ ሌላ ሰው የሚጠብቀው ቀን በቀላሉ አይታጠፍም።

ለምን እናሳድራለን?

ፉሺያ ሲሮይስና ቲሞቲ ፒቺል የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2013 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ባወጡት ጽሑፍ፣ ሥራን ማሳደር በአብዛኛው ከስሜት ጋር የተያያዘ መሆኑን አስረድተዋል። ሥራው ያስፈራናል፣ ይሰለቸናል ወይም እንዳንችለው ያሰጋናል፤ ለነገ ስንለው ጭንቀቱ ለጊዜው ይቀልልናል። ያቺ እፎይታ ናት ደጋግማ የምታታልለን። ለራሳችን ብቻ የገባነው ቃል በእፎይታዋ ፊት አቅም ያንሰዋል፤ ቃሉን ማፍረሳችንን የሚያይብን የለማ!

መጨረሻው ብቻ የተወሰነለት ሥራም ከዚህ አይድንም። ለዓመታት የደረጃ «ሐ» ግብር ከፋዮች ከሐምሌ 1 እስከ 30 የመክፈያ ጊዜ ነበራቸው። ወሩ ሙሉ ክፍት ሆኖ ሳለ ሰልፉ የሚረዝመው በመጨረሻዎቹ ቀናት ነበር። «እስከ 30» ሲባል ብዙ ሰው የሚሰማው 30ን ብቻ ነው።

ወደ ቢሮና ወደ ጥናት ስንመልሰው

አንደኛ፣ ለሥራችሁ ቀን፣ ሰዓትና ቦታ ቁረጡለት። ጀርመናዊው ፒተር ጎልዊትዘርና ቬሮኒካ ብራንድሽቴተር በ1997 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ባሳተሙት ጥናት፣ ተማሪዎች የገናን ዋዜማ እንዴት እንዳሳለፉ በሁለት ቀን ውስጥ ጽፈው እንዲልኩ ተጠየቁ። መቼና የት እንደሚጽፉ አስቀድመው ከወሰኑት ከአራቱ ሦስቱ ገደማ በጊዜው ላኩ፤ ካልወሰኑት የላኩት ከሦስት አንዱ ገደማ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ «በዚህ ሳምንት ሪፖርቱን እጀምራለሁ» ማለትን ትታችሁ «ማክሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት፣ ቢሮ እንደገባሁ፣ ስልኬን ዘግቼ የመጀመሪያውን ገጽ እጽፋለሁ» በሉ።

ሁለተኛ፣ ወንፈል ግቡ። የመመረቂያ ጽሑፍ የያዘ ሰው፣ እንደእርሱ የሚጽፍ ጓደኛ ይፈልግ። ሐሙስ ማታ እርሱ የጻፈውን ይልካል፣ እሑድ ማታ ጓደኛው የጻፈውን ይልካል፤ አንዱ የሌላውን ያነብባል። የምትነግዱ ከሆነ የሂሳብ መዝገባችሁን የምታስተካክሉበትን ቀን ከጎረቤት ባለሱቅ ጋር አንድ ላይ ያዙት። «ቆንጆ ነው፣ በርታ» ብሎ የሚያልፍ ተመልካች አይበቃም። ከእናንተ የሚቀበለው፣ ለእናንተም የሚመልሰው ሥራ ያለው ሰው ነው የሚያስፈልገው።

ሦስተኛ፣ ለውርጩም ቀን ተዉለት። በካናዳ ተደርጎ በ1994 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በወጣ ጥናት፣ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በአማካይ በ34 ቀን ገደማ እንጨርሳለን ብለው ገምተው 55 ቀን ገደማ ፈጅቶባቸዋል። መብራት ሲጠፋ፣ ኔትወርክ ሲቋረጥ፣ ለቅሶ ሲመጣ ዕቅዳችሁ እንዳይፈርስ፣ ከገመታችሁት ጊዜ ላይ ግማሹን ጨምሩበት።

አራተኛ፣ ዕረፍታችሁንም አስቀድማችሁ ለዩ። በዓሉን ያወቀ ሰው በሥራው ቀን ዕረፍት አይሰርቅም፤ በዕረፍቱም ቀን ጸጸት አያንገበግበውም።

የምዕራፉ ተግባር

ከወር በላይ ያሳደራችሁትን አንድ ሥራ ምረጡ፤ ሁለት አትምረጡ። በወረቀት ላይ ሦስት መስመር ጻፉ፦ መጀመሪያ የምትሠሩትን ትንሹን ክፍል፤ ቀጥሎ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን፤ በመጨረሻም የሚጠብቃችሁን ሰው ስም። ሦስተኛው መስመር ባዶ ከሆነ ዕቅዱ ገና ምኞት ነው። ስሙን እንደጻፋችሁ ለዚያ ሰው ደውሉና የእርሱንም ሥራ ጠይቁት፤ ከዚያ ወደ ምዕራፍ ስምንት እለፉ።