ውሃ የሞላባት የአሸዋ ደሴት

አሸዋ ሲባል ብዙዎቻችን ፊት የሚመጣው ውሃ የማይቋጥር በረሃ ነው። በአውስትራሊያ ምሥራቅ ዳርቻ፣ ብሪዝበን አጠገብ ያለችው ሚንጄሪባ ግን ከሞላ ጎደል ሁለንተናዋ አሸዋ ሆኖ ሳለ ሐይቅ፣ ረግረግና ምንጭ አላት። 38 ኪሎ ሜትር ያህል የምትረዝመው ይህች ደሴት በካርታ ላይ ሰሜን ስትራድብሮክ ትባላለች። እስከ 1896 ከደቡብ ስትራድብሮክ ጋር አንድ ደሴት ነበረች፤ ባሕሩ ቀጭኑን ወገቧን በጥሶ ለሁለት ከፈላት።

ውሃው የዝናብ ነው። አሸዋው ላይ የወረደው ዝናብ ጎርፍ ሆኖ ከመሄድ ይልቅ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ጨው የሌለበት ውሃ ከባሕር ውሃ ስለሚቀል፣ ከሥር ባለው ጨዋማ ውሃ ላይ ተንሳፎ ይከማቻል። ካቡራ የተባለው ሰማያዊ ሐይቅ መሬቱ ዝቅ ባለበት ይኸው የከርሰ ምድር ውሃ ብቅ ያለበት ነው። ቡናማው ሐይቅ ቡሚዬራ ግን ሌላ ነው፤ የበሰበሰ ቅጠልና ሥር የአሸዋውን ቅንጣቶች አጣብቆ ውሃ የማያሳልፍ ወለል ስለሠራለት፣ ከከርሰ ምድሩ ውሃ በላይ ተንጠልጥሎ ይኖራል። ከዳር ያሉት ዛፎች ቅጠል ስለሚዘፈዘፍበት ውሃው ሻይ ይመስላል።

ነዋሪው በሦስት መንደሮች ነው የሚኖረው። ፖይንት ሉክአውት ማዕበሉን በሚመክት ጠንካራ አለት ላይ፣ አሚቲ በሰሜን ምዕራቡ ጫፍ፣ ደንዊች ደግሞ ጀልባ በሚቆምበት ጸጥተኛው ወሽመጥ በኩል ናቸው። በደንዊች እስከ 1946 ድረስ ድሆችና ደካማ አረጋውያን የሚሰበሰቡበት የመንግሥት መጠለያ ነበር። እዚያ ይሠሩ የነበሩት የደሴቲቱ ባለቤቶች፣ የኳንዳሙካ ሰዎች፣ ለዓመታት ታግለው በ1944 ከነጮቹ እኩል ደመወዝ አስከብረዋል። ለቀሪው አውስትራሊያ ይህ ገና ሩቅ ነበር። በ1920 የተወለደችው ዝነኛዋ ገጣሚ ኡጀሩ ኑናካልም የዚሁ ማኅበረሰብ ልጅ ናት።

በ2011 ፍርድ ቤት የኳንዳሙካን የመሬት መብት አጸና። ዚርኮንና ሩታይል ለማውጣት አሸዋውን ሲያገላብጥ የኖረው የማዕድን ሥራ ደግሞ በ2019 አበቃ። ብዙ ቤተሰብ እንጀራው ከዚያ ስለነበር መዘጋቱ ቀላል አልነበረም። ቢሆንም ውሳኔው ትክክል ነበር እላለሁ፤ የደሴቲቱን ሐይቆች የሚያኖረውና በቧንቧ ባሕር ተሻግሮ ዋናው ምድር ላይ ያሉ ሰዎችን ጭምር የሚያጠጣው ውሃ የሚጠራቀመው በዚያው አሸዋ ውስጥ ነው።