ሊንክ ከመጫን በፊት፦ የቶሮንቶው የምርምር ማዕከል ግኝቶች ለኢትዮጵያውያን ያላቸው ትምህርት

በካናዳ በሚገኘው የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሲቲዝን ላብ የሚባል የምርምር ማዕከል አለ። በፕሮፌሰር ሮን ዲበርት እ.ኤ.አ. በ2001 የተመሠረተው ይህ ማዕከል፣ መንግሥታት በኢንተርኔት አማካይነት ጋዜጠኞችንና ተቃዋሚዎችን እንዴት እንደሚሰልሉ በማጥናት ይታወቃል። ከ2013 እስከ 2017 ባወጣቸው ሪፖርቶች ውስጥ በተደጋጋሚ ስማቸው ከተነሣ አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

እነዚህ ሪፖርቶች በአንድነት ሲነበቡ አንድ ቁም ነገር ጎልቶ ይታያል። ከጀርመን፣ ከጣሊያንና ከእስራኤል ኩባንያዎች የተገኙት የስለላ ሶፍትዌሮች በኢትዮጵያውያን ላይ ሲሰማሩ በሩን ሰብረው አልገቡም። ባለቤቱ ራሱ አንድ ፋይል ወይም አንድ ሊንክ እንዲከፍትላቸው ይጠብቁ ነበር። የጥቃቱ ዋና ክፍል የተመሠረተው በቴክኒክ ላይ ብቻ ሳይሆን በሰው አመኔታ ላይም ነበር።

ማጥመጃው እንዴት ተዘጋጀ?

በመጋቢት 2013 ይፋ በሆነው ጥናት ፊንስፓይ የተባለው የስለላ ሶፍትዌር የግንቦት 7 አባላትን ፎቶግራፎች ማጥመጃ አድርጎ ሲሠራጭ ተገኝቷል። ፎቶውን ለማየት የከፈተ ሰው ፎቶውን ያያል፤ ከበስተጀርባ ግን ሶፍትዌሩ በኮምፒውተሩ ላይ ይጫናል። መረጃውን ይቀበል የነበረው ሰርቨርም በኢትዮ ቴሌኮም የኢንተርኔት አድራሻ ላይ የሚገኝ ነበር።

በታኅሣሥ 20 ቀን 2013 ደግሞ በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ሁለት የኢትዮጵያ ሳተላይት ቴሌቪዥን (ኢሳት) ባልደረቦችን ለማጥመድ ሦስት ጊዜ ተሞክሯል። አንደኛው ባልደረባ በቤልጅየም፣ ሁለተኛው በአሜሪካ ቨርጂኒያ ይሠሩ ነበር። በስካይፕ የተላከው ፋይል ለኢሳት የተጻፈ ጽሑፍ መስሎ ቢቀርብም፣ በውስጡ የነበረው ሃኪንግ ቲም የተባለው የጣሊያን ኩባንያ የሚሸጠው የስለላ ሶፍትዌር ነበር። ለጣቢያው ጽሑፍ መላክ የተለመደ ነገር በመሆኑ ማጥመጃው ከተቀባዮቹ የዕለት ሥራ ጋር እንዲስማማ ተደርጎ የተዘጋጀ ነበር።

በታኅሣሥ 2017 የወጣው ጥናት ስለ ሊንክ በቀጥታ ያስተምራል። በጥቅምት 2016 በቢሾፍቱ የኢሬቻ በዓል ላይ ብዙ ሰዎች ሕይወታቸውን ካጡ ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ የኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርክ ኃላፊ የነበሩት ጃዋር መሐመድ አጠራጣሪ ኢሜይል ደርሷቸው ለሲቲዝን ላብ አስተላለፉት። ተመራማሪዎቹ ይህን ተከትለው በውጭ አገር ለሚኖሩ ሌሎች ሰዎችም የተላኩ ተመሳሳይ መልእክቶችን አገኙ። ከሊንኮቹ አንዳንዶቹ የኤርትራ ቪዲዮዎች የሚቀርቡበትን ኢስትአፍሮ ዶት ኮም የተባለ ድረ ገጽ በመምሰል ወደ ኢስትአፍሮ ዶት ኔት ይወስዱ ነበር። ገጹን የከፈተ ሰው ቪዲዮውን ለማየት «ፍላሽ ፕሌየርን ያሻሽሉ» ይባላል። ማሻሻያ ተብሎ የቀረበው ፋይል ግን ሳይበርቢት የተባለው የእስራኤል ኩባንያ የስለላ ሶፍትዌር ነበር። በእውነተኛውና በሐሰተኛው አድራሻ መካከል የነበረው ልዩነት መጨረሻው ላይ ያለችው አንዲት ቃል ብቻ ናት።

የአድራሻውን ባለቤት ማወቅ

ሊንክን ለመመርመር የመጀመሪያው እርምጃ በስክሪኑ ላይ የሚታየውን ጽሑፍ ሳይሆን እውነተኛውን አድራሻ ማንበብ ነው። በኮምፒውተር ላይ ማውሱን ሳይጫኑ ሊንኩ ላይ ማሳረፍ አድራሻውን ከታች ያሳያል። በስልክ ላይ ሊንኩን በጣት ይዞ ማቆየት አድራሻውን ያወጣል፤ ይሁንና አንዳንድ ስልኮች በዚያው ቅጽበት ገጹን በከፊል ስለሚከፍቱ አጠራጣሪ መልእክት ሲሆን ላኪውን መጠየቅ ይሻላል።

አድራሻው ከታየ በኋላ አነባበቡ የራሱ ሥርዓት አለው። ከመነሻው ሁለት እዝባሮች ቀጥሎ የሚገኘውን የመጀመሪያ እዝባር ፈልጎ ከዚያ ወደ ግራ መመለስ ያስፈልጋል። ከእዝባሩ በፊት ያሉት የመጨረሻዎቹ ሁለት ቃላት የገጹን ባለቤት ይናገራሉ። ለምሳሌ «የእኔባንክ ዶት ኮም ዶት ሽልማት ዶት ኔት» የሚል አድራሻ የባንኩ አይደለም፤ ንብረትነቱ «ሽልማት ዶት ኔት»ን ላስመዘገበ ሰው ነው። እንደ ኢትዮጵያ ባሉ አገሮች ግን «ዶት ኮም ዶት ኢቲ» ወይም «ዶት ጎቭ ዶት ኢቲ» የሚሉ መጨረሻዎች ስላሉ ከእነርሱ በፊት ያለውን ሦስተኛ ቃል መመልከት ይገባል።

ነገሩ ከአገራችን የስም ሥርዓት ጋር ይመሳሰላል። ልጁን የፈለገውን ስም ማውጣት የወላጅ መብት ነው፤ የልጁ ማንነት የሚለየው ግን ቀጥሎ በሚመጣው የአባት ስም ነው። አንድ አጭበርባሪም «ሽልማት ዶት ኔት»ን ካስመዘገበ በኋላ ከፊቱ የማንኛውንም ባንክ ስም ማስቀመጥ ይችላል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሊንክ የሚቀርበው ጥያቄ «ስምህ ማን ነው?» ሳይሆን «የማን ልጅ ነህ?» የሚለው ነው።

በፊደል መምሰልም አለ። በላቲን ፊደል ትንሹ ኤል ትልቁን አይ ይመስላል፤ የሩስያው «ኣ» ደግሞ ከላቲኑ ኤ ጋር በዓይን አይለይም። በዚህ ምክንያት አስፈላጊ የሆኑ ገጾችን፣ በተለይ የባንክና የኢሜይል መግቢያዎችን፣ በመልእክት በመጣ ሊንክ ከመክፈት ይልቅ አድራሻውን ራስ ጽፎ ወይም አስቀድሞ ካስቀመጡት ዝርዝር መክፈት ይመረጣል።

ብዙዎች የሚተማመኑበት የቁልፍ ምልክትም የገጹን ታማኝነት አያረጋግጥም። ምልክቱ የሚናገረው በተጠቃሚውና በገጹ መካከል የሚያልፈው መረጃ የተመሰጠረ መሆኑን ብቻ ነው፤ ሐሰተኛ ገጽም ምስጠራ ሊኖረው ይችላል። ክሮም ብራውዘር በ2023 ምልክቱን ያነሣው ሰዎች ትርጉሙን ስለሚሳሳቱ ነበር። ፍላሽ ፕሌየርም አዶቢ ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ያቋረጠው በመሆኑ፣ ዛሬ «ፍላሽን ያሻሽሉ» የሚል ማንኛውም ገጽ ሐሰተኛ ነው።

የመመርመሪያ አገልግሎቶችና ገደባቸው

በ2004 በስፔን ተመሥርቶ በ2012 በጎግል የተገዛው ቫይረስ ቶታል አንድን ሊንክ በበርካታ የደኅንነት ኩባንያዎች መዝገብ በነጻ ያስመረምራል። ጎግል ሴፍ ብራውዚንግ የተባለው አገልግሎትም በክሮም፣ በፋየርፎክስና በሳፋሪ ውስጥ ሆኖ በታወቁ አደገኛ ገጾች ላይ ያስጠነቅቃል።

እነዚህ አገልግሎቶች የሚያውቁት ግን ከዚህ በፊት የታየን ወይም ከታየው ጋር የሚመሳሰልን ጥቃት ነው። ለብዙ ሕዝብ የተበተነ ማጭበርበሪያ በፍጥነት መዝገባቸው ውስጥ ይገባል። ለአንድ ጋዜጠኛ ብቻ ተብሎ ትናንት የተዘጋጀ ገጽ ግን «ምንም አልተገኘም» የሚል ውጤት ሊያገኝ ይችላል። ስለዚህ «አደገኛ ነው» የሚል ውጤት ሲመጣ ማመን፣ «ንጹሕ ነው» ሲባል ደግሞ ጥንቃቄን አለመተው ያስፈልጋል። ምስጢራዊ ሰነድን ወደ ቫይረስ ቶታል መጫንም አይገባም፤ የተጫነ ፋይል ለሌሎች የአገልግሎቱ ደንበኞች ሊደርስ ይችላልና።

የሰው ብልሃት ከመሣሪያ የበለጠበት ምሳሌ በ2016 ታይቷል። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ዜጋ የሆኑት የሰብዓዊ መብት ተሟጋች አሕመድ መንሱር ስለ እስረኞች ስቃይ «አዲስ ምስጢር» ይነግራል የሚል ሊንክ በስልካቸው ደረሳቸው። እርሳቸው ግን ሳይጫኑ ወደ ቶሮንቶ ላኩት። ሲቲዝን ላብ ከአጋሩ ጋር ሆኖ በሊንኩ ውስጥ ፔጋሰስ የተባለውን የስለላ ሶፍትዌር አገኘ፤ አፕልም በዓለም ዙሪያ ለሚገኙ የአይፎን ተጠቃሚዎች አስቸኳይ ማሻሻያ አወጣ። ያልተጫነች አንዲት ሊንክ ለብዙ ሚሊዮን ሰዎች መከላከያ ሆነች።

ሊንኩ ከተጫነ በኋላ

የተሳሳተ ሊንክ የከፈተ ሰው መሣሪያውን ወዲያውኑ ከኢንተርኔት ማላቀቅ አለበት። የይለፍ ቃሉን የሚቀይረው ከዚያው መሣሪያ ሳይሆን ከሌላ ንጹሕ መሣሪያ ነው። የባንክ መረጃ ከሰጠም በመልእክቱ ላይ ባለው ቁጥር ሳይሆን በካርዱ ጀርባ ባለው ቁጥር ለባንኩ ይደውላል። መልእክቱን ማጥፋት ግን ስሕተት ነው፤ ለመርማሪ ብቸኛው ማስረጃ እርሱ ሊሆን ይችላል። በካናዳ የሚኖሩ ሰዎች አጠራጣሪ አጭር መልእክትን ወደ 7726 በማስተላለፍ ለስልክ ኩባንያቸው ማሳወቅ ይችላሉ። ለጥቃት ይበልጥ የተጋለጡ ጋዜጠኞችና የመብት ተሟጋቾች በጎግል የላቀ ጥበቃ ፕሮግራምና በአይፎን የሎክዳውን ሞድ መጠቀም ይችላሉ።

ከጉዳት በኋላ ፍትሕ ማግኘት ከጥንቃቄው እጅግ የከበደ መሆኑን አንድ የፍርድ ቤት ጉዳይ ያሳያል። በሜሪላንድ የሚኖር ኢትዮ አሜሪካዊ፣ ለደኅንነቱ ሲባል ኪዳኔ በሚል ስም፣ ኮምፒውተሩ በፊንስፓይ ተሰልሏል ሲል በ2014 የኢትዮጵያን መንግሥት በአሜሪካ ከሰሰ። ሶፍትዌሩ የመጣው ከኢሜይል ጋር በተያያዘ የወርድ ፋይል እንደነበር በክሱ ተገልጿል። በመጋቢት 2017 የዋሽንግተን ይግባኝ ፍርድ ቤት፣ ድርጊቱ በሙሉ በአሜሪካ ምድር አልተፈጸመም በማለት የውጭ መንግሥታትን ያለመከሰስ መብት ጠቅሶ ክሱን ውድቅ አደረገው። ከሳሹ በገዛ ቤቱ ተቀምጦ የተሰለለ ቢሆንም የስለላው መነሻ ውጭ አገር መሆኑ ለተከሳሹ መከላከያ ሆነለት።

ሕግ ድንበር ላይ ሲቆም ሊንክ ግን ድንበርን በቅጽበት ይሻገራል። በቶሮንቶ፣ በዋሽንግተንም ሆነ በአዲስ አበባ የሚኖር ተጠቃሚ አስተማማኝ መከላከያው ጣቱ ከመውረዱ በፊት ያለችው አጭር ጊዜ ናት፤ በእርስዋም ውስጥ የአድራሻውን መጨረሻ ማንበብና ላኪውን በሌላ መንገድ ደውሎ መጠየቅ ይቻላል።