ለድመት ግልገል የላም ወተት ይስማማል?

ጥያቄ፦ የ2 ወር የድመት ግልገል ወደ አዲስ ቤት መጥታ የላም ወተት ስትጠጣ ተቅማጥ ያዛት፤ ምን ትመገብ?

መልስ፦ ወተት ለድመት ተስማሚ ነው የሚለው እምነት ሥር የሰደደ ቢሆንም፣ ላክቶስ የተባለውን የወተት ስኳር የሚፈጨው ላክቴዝ የተሰኘ ኢንዛይም ግልገሏ ጡት ስትተው እየቀነሰ ስለሚሄድ፣ ሳይፈጭ የቀረው ስኳር ውሃ ወደ አንጀት ስቦ ያስቀምጣታል። ስለዚህ ወተቱ ቀርቶ ንጹሕ ውሃ፣ ለግልገል የተዘጋጀ ምግብ እስኪገኝም ያለ ጨው ተቀቅሎ የደቀቀ ሥጋ በጥቂት በጥቂቱ ይሰጣት፤ ከወጥ የተረፈው ግን፣ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሕዋሳት ስለሚያፈርስ፣ ፈጽሞ አይገባም። ከሁሉ በላይ የሚያሰጋው የሰውነት ውሃ ማለቅ ሲሆን፣ የማጅራቷ ቆዳ በጣት ተቆንጥጦ ሲለቀቅ ቶሎ ወደ ቦታው ካልተመለሰ በዚያው ዕለት የእንስሳት ሐኪም ሊያያት ይገባል፤ 3 ወር ሲሞላትም የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት ትወስዳለች።