ማንን እንምረጥ? ስለ ቀበሌ፣ ስለ ወረዳና ስለ ክልል ምርጫ አጭር ጥናት

በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጉዳይ በጉባኤያችን ብዙ ጊዜ የማይነሣ፣ ነገር ግን ለዕረፍት ወደ ጋይንት፣ ወደ ስማዳና ወደ እስቴ በሄድን ቁጥር ሽማግሌዎች የሚጠይቁን ነው። «እናንተ ተምራችኋል፤ እስኪ ማንን እንምረጥ?» ይሉናል። እኛም አብዛኛውን ጊዜ ስለ አንድ ፓርቲ ወይም ስለ አንድ ታዋቂ ሰው ተናግረን እናልፋለን። ጥያቄው ግን በአንድ ስም የሚመለስ አይደለም፤ ምክንያቱም የሚመረጠው ለአንድ ወንበር አይደለም።

በጠቅላላ ምርጫ ቀን መራጩ ሁለት ወረቀት ይቀበላል። አንዱ 547 መቀመጫ ላለው ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሲሆን ሁለተኛው 294 መቀመጫ ላለው ለአማራ ክልል ምክር ቤት ነው። የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤቶች ምርጫ ደግሞ ለብቻው የሚደረግ ነው፤ በሚያዝያ 2000 እና በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ተደርጎ ነበር፤ በ2010 ዓ.ም. ሊደረግ የታሰበው ግን ተራዘመ። ሰው ሁሉ ዓይኑን የሚጥለው በላይኛው ወረቀት ላይ ነው። ይሁን እንጂ ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ ክልሉ ለየወረዳው በጥቅል የሚሰጠውን በጀት ለትምህርት፣ ለጤና፣ ለግብርናና ለውኃ ከፋፍሎ የሚያጸድቀው የወረዳው ምክር ቤት ነው። እርግጥ ነው፣ አብዛኛው ገንዘብ ለደመወዝ ይውላል። ቢሆንም የቀረችው ትንሽ ገንዘብ በየትኛው ቀበሌ ምንጭ እንደምታጎለብት የሚወሰነው አዲስ አበባ ሳይሆን ነፋስ መውጫ፣ አርብ ገበያ፣ ወገዳና መካነ ኢየሱስ ላይ ነው።

እንግዲህ ስለ መምረጥ ቅዱሳት መጻሕፍት ምን ያሳዩናል? በዘጸአት ምዕራፍ 18 ዮቶር አማቹን ሙሴን ሲመክረው የሚሾሙት ሰዎች ችሎታ ያላቸው፣ ፈሪሃ እግዚአብሔር ያደረባቸው፣ እውነተኞችና ጉቦን የሚጠሉ እንዲሆኑ ነገረው። ልብ እንበል፤ ዘመዶች ይሁኑ አላለም፤ ባለጠጎች ይሁኑም አላለም። ከሁሉ ይልቅ ግን ለአገራችን ሰው የሚቀርበው የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ነው። ይህን ምዕራፍ ስለ ቅዱስ እስጢፋኖስ ስንማር ብዙ ጊዜ ሰምተነዋል፤ የምርጫው መነሻ ምን እንደ ነበረ ግን ቸኩለን እናልፈዋለን። ጠቡ የተነሣው በእህል ነው። በየቀኑ በሚታደለው ምግብ ግሪክኛ ተናጋሪዎቹ መበለቶች ችላ ስለ ተባሉ ማጉረምረም ሆነ። ሐዋርያትም ራሳቸው አልመረጡም፤ በሕዝቡ ዘንድ የተመሰከረላቸውን ሰባት ሰዎች ሕዝቡ እንዲመርጥ አደረጉ። የተመረጡት የሰባቱም ስሞች የግሪክ ስሞች ናቸው። ስለዚህ ብዙ ተርጓሚዎች ሕዝቡ አከፋፋዮቹን ከተበደሉት ወገን እንደ መረጠ ይናገራሉ።

ይህ ነገር ለላይ ጋይንት፣ ለታች ጋይንትና ለስማዳ ሰው የሩቅ ታሪክ አይደለም። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በእነዚህ ወረዳዎች ብዙ ቤተሰብ በሴፍቲኔት እህል ወይም ገንዘብ ሲረዳ ኖሯል። ጉልበት ያለው እርከን ይሠራል፣ መንገድ ይጠርጋል፤ አቅመ ደካማው ያለ ሥራ ይረዳል። (ከመዝገቡ የሚወጣው ሰው «ተመረቀ» ይባላል። እኛ ዩኒቨርሲቲ ያለን ሌላ ምረቃ ስለምናውቅ ቃሉ ያስገርመናል፤ አንዳንዱ ተመራቂ ግን በዚያ ቀን ልቡ እንደማይደሰት የሰፈሩ ሰው ያውቃል።) በመዝገቡ ውስጥ ማን ይግባ፣ ማን ይውጣ የሚለው መጀመሪያ የሚታየው በጎጥና በቀበሌ ኮሚቴ ነው። እንግዲህ የቀበሌ ተመራጭ ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ ከዚህ ይታወቃል። ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿ ለሥራ የተሰደዱባት እናት ስሟ እንዲጻፍ ወይም እንዲዘለል ቃል ያለው ሰው ነው። የፓርላማው ዕጩ በሬዲዮ ምን እንደ ተናገረ ስንከራከር ይህን ሰው ሳናጣራ ብንመርጠው ትልቁን ነገር በትንሹ ለውጠናል።

ታዲያ በምን እናጣራው? የቀበሌ ዕጩን እንደ ጎረቤት ነው የምናውቀው፤ ይህም ጥሩ ዕድል ነው። የእድሩን ገንዘብ ይዞ ነበርን? ሒሳቡን በጊዜው አስረክቧልን? በድንበር ጠብ ሽምግልና ሲቀመጥ ለዘመዱ ያደላል ወይስ እውነቱን ይፈርዳል? ስብሰባ ላይ ከእርሱ ያነሰ ሰው ሲቃወመው ይሰማል ወይስ ይቆጣል? እነዚህን ለማወቅ የፓርቲ ፕሮግራም ማንበብ አያስፈልግም፤ እናቶችን መጠየቅ ይበቃል።

ሁለት ነገር ግን ያስቸግረናል። አንደኛው «የወንዜ ልጅ ነው» የሚለው ነው። ከጉና ወዲህና ወዲያ ያለው ሰው ምን ያህል እንደሚጋባና እንደሚዋለድ እያወቅን በምርጫ ጊዜ ወንዝ እንቆጥራለን። የአካባቢ ሰው መሆኑ ችግራችንን ስለሚያውቅ ይጠቅማል፤ ነገር ግን ማወቁ ብቻ እንጂ መወለዱ ብቃት አይሆንም። ሁለተኛው፣ እኛን የቤተ ክርስቲያን ልጆችን በተለይ የሚፈትነው፣ ለአጥቢያው ቆርቆሮ ወይም መጋረጃ የሰጠ ዕጩ ነው። ስጦታው ለእግዚአብሔር ከሆነ ዋጋውን ከእግዚአብሔር ያገኛል፤ እኛም እናመሰግነዋለን። ድምፅ ግን የቆርቆሮ መልስ አይደለም። በዐውደ ምሕረትም ሆነ በሰንበቴ ማኅበር የማንም ዕጩ ስም ባይጠራ እንመርጣለን፤ ከአንዱ ማዕድ የሚቀርቡ ሰዎች የተለያየ ሰው ሊመርጡ ይችላሉና።

በክልል ምክር ቤት ምርጫ ላይ በመካከላችን ክርክር ነበር። ግማሾቻችን «እዚያም ቢሆን ሰውየው ይታይ» አልን፤ ግማሾቻችን «ፓርቲው ይታይ» አልን። በአገራችን ሕዝቡ ተወካዩን ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ የመረጠው በ1949 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ፓርቲ አልነበረም፤ መራጩ 21 ዓመት የሞላው፣ ዕጩው ግን 25 ዓመት የሞላውና በምርጫው ወረዳ ንብረት ያለው መሆን ነበረበት። እስከ 1965 ዓ.ም. በተደረጉት አምስት ምርጫዎች ሰው በስሙ ተመረጠ፤ ሆኖም ጭሰኛውን ከባለርስቱ የሚያስታርቅ ሕግ ከዚያ ምክር ቤት አልወጣም። መልካም ሰዎች ነበሩበት፤ ግን እያንዳንዱ ለብቻው ነበረ። ዛሬ ደግሞ በተቃራኒው ብዙ መቀመጫ ያገኘው ፓርቲ መንግሥት ይመሠርታል፤ ተመራጩም ከፓርቲው ጋር እጁን ያነሣል። ስለዚህ ጸሐፊዎቹ የተስማማንበት ይህ ነው፤ በክልል ወረቀት ላይ በመጀመሪያ የፓርቲውን አቋም ስለ መሬት፣ ስለ ሰላምና ስለ መንገድ እንመርምር፣ ቀጥሎ ሰውየውን እንይ፤ በቀበሌ ግን ቅደም ተከተሉ ይገልበጥ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 መራጩ እምነት ያጣበትን ተወካይ ከቦታው ሊያነሣ እንደሚችል መደንገጉንም ለሽማግሌዎቻችን እንንገራቸው፤ ብዙዎች አልሰሙትም።

አንድ ነገር ይቀራል። በመሣፍንት ምዕራፍ 9 ኢዮአታም በተናገረው ምሳሌ ዛፎች ንጉሥ ሊያነግሡ ወጡ። ወይራው ዘይቴን፣ በለሱ ጣፋጭነቴን፣ ወይኑ ጠጄን ትቼ አልመጣም አሉ። እሽ ያለው እሾህ ብቻ ነበረ። በየአጥቢያችን ወይራ የሚሆኑ ሰዎች አሉ፤ «እኔ ከእርሻዬና ከጸሎቴ ውጪ አላውቅም» ይላሉ። አንፈርድባቸውም። በተለይ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን በተነሣው ጦርነት ስሙን በአደባባይ ማስጠራት ያስፈራ ሰው ብዙ ነው፤ ፍርሃቱም ስንፍና አይባልም።

የእኛ ግን ምክንያታችን ምንድን ነው? ለመምረጥ 18፣ ለመመረጥ 21 ዓመት ይበቃል፤ ከመካከላችን 21 የሞላን ጥቂት አይደለንም። በ2000 ዓ.ም. ምርጫ አንድ የቀበሌ ምክር ቤት እስከ 300 አባላት ይይዝ ነበር፤ ስለዚህ ቦታ ጠፍቶ አይደለም። ጉዳዩ በጉባኤያችን ሲነሣ ትምህርታችንን ስንጨርስ ወደ ገጠር እንመለሳለን ያሉት ሁለት እኅቶች ብቻ ነበሩ፤ ሁለቱም የስማዳ ልጆች ናቸው። እነርሱ እንዳሉት በመጪው ዕረፍት ወደ ቤት የምንሄድ ሁሉ የወረዳችንን በጀት በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ካገኘነው እንገልብጠው፤ ካላገኘነው ጽሕፈት ቤቱን እንጠይቅ። ስንመለስ የአራቱን ወረዳዎች ጎን ለጎን አድርገን ለውኃ የተመደበውን እናነብባለን።