ትርታ የጠፋበት ክንድ፦ ሐኪሞች የታካያሱን በሽታ እንዴት ይለያሉ?

እ.ኤ.አ. በ1908 ጃፓናዊው የዓይን ሐኪም ሚኪቶ ታካያሱ በአንዲት ወጣት ሕመምተኛ ዓይን ውስጥ የደም ሥሮች እንደ አበባ ጉንጉን ተያይዘው ማየቱን ዘገበ። ሌሎች ሐኪሞችም ተመሳሳይ ምልክት ባዩባቸው ሕሙማን የእጅ አንጓ ላይ ትርታ ማጣታቸውን አከሉ። ዓይንንና አንጓን ምን አገናኛቸው?

መልሱ ከልብ በሚወጣው ትልቁ ደም ቅዳ፣ በአኦርታና በቅርንጫፎቹ ላይ ይገኛል። በዚህ በሽታ የደም ቅዳዎቹ ግድግዳ ለረጅም ጊዜ በብግነት ይቆጣል፤ ይወፍራል፤ የደሙ መተላለፊያም ይጠባል። በሽታው እጅግ ጥቂት ሰዎችን የሚይዝ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከ40 ዓመት በታች በሆኑ ሴቶች ላይ ነው። መንሥኤው እስካሁን በውል አልታወቀም።

የመጀመሪያዎቹ ምልክቶች ትኩሳት፣ ድካም፣ የክብደት መቀነስና የመገጣጠሚያ ሕመም በመሆናቸው እንደ ሳንባ ነቀርሳ ካሉ በሽታዎች ጋር ይመሳሰላሉ። በሽታውን ብቻውን የሚያረጋግጥ የደም ምርመራም የለም። ብግነትን የሚያመለክቱት ምርመራዎች በሽታው እየሠራ ሳለ እንኳ ጤነኛ ውጤት ሊያሳዩ ይችላሉ።

እዚህ ላይ ፊዚክስ ይረዳናል። በፕዋዜይ ሕግ መሠረት፣ ሥርዓቱን ጠብቆ በሚፈስ ፈሳሽ ውስጥ የቧንቧው ሬዲየስ በግማሽ ቢቀንስ የፍሰት ተቃውሞው 16 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ከጠባቡ ቦታ በኋላ የደም ግፊት ይወርዳል፤ ትርታውም ይደክማል። በጠባቡ ቦታ የሚጣደፈው ደም ሲታወክ የሚፈጥረውን ሹክሹክታ ሐኪሙ በጆሮ ማዳመጫው ይሰማል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የአሜሪካና የአውሮፓ የሩማቶሎጂ ማኅበራት መመዘኛ በሁለቱ ክንዶች የላይኛው የደም ግፊት መካከል የሚታይን የ20 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪና ከዚያ በላይ ልዩነት ከምልክቶቹ አንዱ አድርጎ ይቆጥራል። ልዩነቱ ግን በሌሎች በሽታዎችም ሊመጣ ስለሚችል ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም።

ቀጣዩ እርምጃ ምስል ማንሣት ነው። ዶፕለር አልትራሳውንድ የደሙን ፍጥነት ከድምፅ ሞገድ ድግግሞሽ ለውጥ ያሰላል፤ ሲቲ ስካንና ኤምአርአይ ደግሞ የግድግዳውን ውፍረትና የመተላለፊያውን ጥበት ያሳያሉ። ሐኪሙ እነዚህን ሁሉ አገናዝቦ፣ ተመሳሳይ በሽታዎችንም አንድ በአንድ አስወግዶ ይወስናል።

አንድ ነገር ልብ እንበል። የሁለቱም ክንዶች ደም ቅዳዎች ከጠበቡ ልዩነቱ ሊጠፋ ይችላል፤ በልብ አጠገብ ያለው ግፊት አደገኛ ሆኖ ሳለ የክንዱ ልኬት «ደኅና» ሊመስል ይችላል። ያልታወቀው ግፊት ልብን ሊያደክም፣ በአንጎልም ላይ ስትሮክ ሊያስከትል ይችላል። በሽታው ሲጠረጠር ግፊት በእግርም የሚለካው ስለዚህ ነው። መሣሪያ የሚነግረን የተቀመጠበትን ቦታ ግፊት ብቻ ነው፤ የት መለካት እንዳለበት መወሰን የሰው ድርሻ ነው።