ሞተር ማውረድና ሞተር ማደስ ለየቅል ናቸው

በኛ ሙያ «ሞተሩ ወረደ» ከተባለ ሁሉም ነገር የተሠራ ይመስላል። ሞተሩ ይወርዳል፣ ይፈታል፣ ይታጠባል፣ ፋሻውና ብሮንዚኑ በአዲስ ይተካል፣ ጓርኒሲዮኑ ይቀየራል፣ ከዚያም ተመልሶ ይገጠማል። ብዙ ጊዜም ይነሳል። ይህ ግን ፈትቶ መግጠም እንጂ ማደስ አይደለም። ሁለቱን የሚለያቸው መለካት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህንን ልዩነት በሁለት የታወቁ የእንግሊዝ ሥራዎች ማሳየት ነው። አንደኛው ሰዎች በቤታቸው ጋራዥ የሚያድሱት የኤምጂቢ ስፖርት መኪና ሞተር ሲሆን፣ ሁለተኛው ከሁለት ሞተር ሳይክሎች አንድ ተደርጎ የሚሠራው ትሪተን ነው። (የውጭ ታሪኮች ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ለምን የእንግሊዝ መኪና? እኛ አገር የት ይገኝና?» የሚል አይጠፋም፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ኤምጂቢ ኮምፒዩተር የለውም፤ ጉድለቱ ሁሉ በዓይን፣ በእጅና በመለኪያ የሚገኝ ስለሆነ ለትምህርት ይመቻል። ከ1962 እስከ 1980 ድረስ ኦክስፎርድ አጠገብ ባለችው አቢንግደን ከ500 ሺህ በላይ ስለተመረተ መለዋወጫው ዛሬም አለ። እንዲያውም ከ1988 ጀምሮ ሙሉው ቦዲ በድሮው የፋብሪካ መሣሪያ እንደገና መመረት ጀምሯል። ወደኛ አገር ስንመጣ ደግሞ በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ክልከላ ወጥቷል። በመንገድ ላይ ያሉት ግን ገና ብዙ ዓመት መሥራታቸው አይቀርም። ስለዚህ ያረጀ ሞተር በአግባቡ የሚያድስ ሰው ወደፊት ይበልጥ የሚፈለግ ይመስለኛል።

የኤምጂቢ ሞተር ባለ አራት ሲሊንደር፣ 1798 ሲሲ ሲሆን ብሎኩም ቴስታታውም ካስት አይረን ነው። የሲሊንደሩ ስፋት 80.26 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ጉዞ 88.9 ሚሊ ሜትር ነው። ጉዞው ከስፋቱ ስለሚበልጥ ከታች ጉልበት አለው፤ ብዙ መጮህ ግን አይወድም። ካምሻፍቱ ብሎኩ ውስጥ ሆኖ ቫልቮቹን በዘንግ እየገፋ ይከፍታል። የሚገርመው የአየርና ነዳጅ መግቢያ ቀዳዳዎቹ ነገር ነው፤ ለአራት ሲሊንደር ሁለት ብቻ! ሁለት ሁለት ሲሊንደር አንድ መግቢያ ይጋራል ማለት ነው። እስከ 1964 ክራንክሻፍቱ በሦስት ዋና ብሮንዚኖች ላይ ይዞር ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አምስት ሆኑ። አሮጌ ሞተር የሚገዛ ሰው የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ አለበት፤ ምክንያቱም የአንዱ ክራንክሻፍት ለሌላው አይሆንም።

እግረ መንገዴን ስለ ቃላቱ አንድ ነገር ልበል። መማሪያ መጽሐፋችን ሲሊንደር ሄድ፣ ስፓርክ ፕላግ፣ ክላች ይላል። ጋራዥ ስንገባ ቴስታታ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን ይሆናሉ፤ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ፈተና ላይ አንዱን፣ ለልምምድ ስንወጣ ሌላውን ካላወቅን ጉድ ነው። እኔም እዚህ ሁለቱን እያቀላቀልኩ የጻፍኩት ለዚሁ ነው።

ሞተሩን ስለማውጣት ብዙ አልልም። በኤምጂቢ ላይ ሞተሩን ከነካምቢዮው አንድ ላይ አውጥቶ ውጭ መለያየት ይቀላል። ጥሩ ማንሻ፣ የሚታመን ማቆሚያና አንድ ረዳት ሰው ያስፈልጋል፤ ብቻን ሆኖ የተንጠለጠለ ሞተር ሥር መግባት የለም።

ዋናው ሥራ የሚጀምረው ሁሉም ነገር ታጥቦ ጠረጴዛ ላይ ሲደረደር ነው። ከክራንክሻፍቱ እንነሳ። የኮኔክቲንግ ሮዱ መያዣ ጆርናል ዲያሜትር አዲስ ሲሆን 47.65 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ማይክሮሜትር ይዘን አንድ ጊዜ ለክተን «ደህና ነው» ብንል ተሳስተናል። በአንድ አቅጣጫ ከለካን በኋላ ዘጠና ዲግሪ አዙረን መድገም፣ ከዚያም በሁለቱም ጫፍ መለካት አለብን። የመጀመሪያው ጆርናሉ ወደ እንቁላል ቅርጽ መሄዱን፣ ሁለተኛው ደግሞ ወደ አንድ ጎን መሾሉን ይነግረናል። ካረጀ ቶርኖ ቤት ተልኮ በሩብ ሚሊ ሜትር ደረጃ ይላጋል፤ 0.25፣ 0.50፣ 0.75፣ በመጨረሻም 1 ሚሊ ሜትር። የተላገው ስስ ስለሚሆን የሚገጠመው ብሮንዚን በዚያው ልክ ወፍራም መሆን አለበት። እንግዲህ መጀመሪያ ብሮንዚኑ መገኘቱን አረጋግጦ፣ ከዚያ ማስላግ ነው። ብዙ ሰው ግን በተቃራኒው ይሠራል።

ሲሊንደሩም ከላይ እስከ ታች እኩል አያልቅም። በብዛት የሚበላው ከላይ፣ ፒስተኑ ከሚመለስበት ቦታ አካባቢ ነው። እዚያ የፍንዳታው ግፊት ፋሻውን ወደ ግድግዳው ይጫነዋል፣ ሙቀቱ ከፍተኛ ነው፣ ዘይቱም ስስ ነው። አዲስ ፋሻ በተበላ ሲሊንደር ውስጥ መክተት ገንዘብን መጣል ነው። ሌላው ቢቀር የፋሻው ጫፎች ክፍተት መለካት አለበት። ፋሻውን ብቻውን ሲሊንደር ውስጥ አስገብቶ፣ በተገለበጠ ፒስተን ቀጥ አድርጎ ወደ ውስጥ ገፍቶ፣ ክፍተቱን በፊለር ጌጅ ማየት ነው። ለዚህ ሞተር ከ0.3 ሚሊ ሜትር ማነስ የለበትም። ካነሰ ሞተሩ ሲሞቅ ጫፎቹ ይገናኙና መሄጃ ሲያጣ ፋሻው ይሰበራል፤ ሲሊንደሩንም ይዞ ይሄዳል።

በብሮንዚኑና በጆርናሉ መካከል ያለው የዘይት ክፍተት ከዚህም ይጠብባል፤ ለኮኔክቲንግ ሮዱ ከ0.025 እስከ 0.07 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ይህ ከአንድ የፀጉር ዘለላ ውፍረት ጋር የሚቀራረብ ነው። በዓይን አይታይም፣ በእጅም አይዳሰስም። ውድ መሣሪያ ለሌለው ሰው ፕላስቲጌጅ የሚባል ቀጭን የፕላስቲክ ክር አለ። ክሩን ደረቅ ጆርናል ላይ አስቀምጦ፣ ክዳኑን በትክክለኛው ልክ አጥብቆ፣ ሳያዞሩ መፍታት ነው። ክሩ ተጨፍልቆ የሰፋበት መጠን ከወረቀት ሚዛኑ ጋር ሲተያይ ክፍተቱን ይነግራል።

ይህንን ሁሉ የምጽፈው ከመጽሐፍ ብቻ ተነስቼ አይደለም። ባለፈው ሴሚስተር የኛ ቡድን በዎርክሾፕ አንድ ባለ አራት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር ፈትቶ ነበር። ስንፈታ ደስ ብሎን ነበር፤ በሁለት ሰዓት ጨረስን። የኮኔክቲንግ ሮዶቹን ክዳኖች ግን ምልክት ሳናደርግ አንድ ባልዲ ውስጥ ጨምረን አጠብናቸው። አራቱም ይመሳሰላሉ፤ «ያው ናቸው» አልን። ስንገጥም የመጀመሪያውና ሁለተኛው ሲጠብቁ ክራንክሻፍቱ ይዞር ነበር፤ ሦስተኛው ሲጠብቅ ቀጥ አለ። አንዱ ጓደኛችን ረጅም ቧንቧ አምጥቶ «በኃይል እናዙረው፣ ይላመዳል» አለ። እውነቱን ለመናገር እኔም ተስማምቼ ነበር። የያዘውን ያስጣለው የዎርክሾፑ ቴክኒሽያን ነው። ፈትተን ስናየው አዲሱ ብሮንዚን በአንድ ጎኑ ተፍቋል። እያንዳንዱ ክዳን ፋብሪካ ውስጥ ከራሱ ሮድ ጋር ታስሮ ስለሚቦረቦር ክቡ የሚሞላው ከራሱ ጋር ሲገጥም ብቻ ነው። የትኛው የማን እንደሆነ ለክተን እስክንለይ ሦስት የልምምድ ቀን ፈጀብን። አንድ ነጥብ መምቻ ቢኖረን አምስት ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

ስለ ማጥበቅም እንዲሁ ነው። ለኤምጂቢ የቴስታታው ፍሬዎች ከ61 እስከ 68 ኒውተን ሜትር፣ ዋና ብሮንዚኖች 95፣ የኮኔክቲንግ ሮድ ደግሞ ከ47 እስከ 54 ገደማ ነው። ቴስታታው ከመሐል ተጀምሮ ወደ ዳር፣ በሁለት ሦስት ዙር ይጠብቃል። ጥርሱ የቆሸሸ ቡለን ጉልበቱን በፍትጊያ ስለሚጨርሰው ቶርክ ሬንቹ ሞላ ቢልም ክዳኑ ገና ላልቶ ሊሆን ይችላል።

የአሮጌ ሞተር ሌላ ችግር ከነዳጁ ይመጣል። ይህ ሞተር የተሠራው እርሳስ ያለበት ቤንዚን በሚቃጠልበት ዘመን ነው። እርሳሱ መርዝ ቢሆንም የጭስ ቫልቮቹን መቀመጫ ከመበላት ይጠብቅ ነበር። ብሪታንያ ከ2000 መጀመሪያ ጀምሮ ከገበያ አወጣችው፤ በዓለም የመጨረሻዋ አገር አልጄሪያም በ2021 አቆመች። ስለዚህ ቴስታታው ሲወርድ የጭስ ቫልቮቹ መቀመጫ ተቦርቡሮ ጠንካራ ቀለበት ይገባበታል። ዘይቱም ተለውጧል። የዛሬ ዘይቶች የጭስ ማጣሪያውን ላለመጉዳት ሲባል ዚንክና ፎስፎረስ ያለበት ውህድ ተቀንሶባቸዋል፤ የድሮ ካምሻፍት ግን ያንን ውህድ ይፈልጋል። በመሆኑም አዲስ ካምሻፍት የገጠመ ሰው መጀመሪያ ካንዴላዎቹን አውጥቶ የዘይት ግፊት ጌጁ እስኪነሳ በማስነሻ ሞተሩ ያዞራል። ከዚያ ካስነሳ በኋላ በሚኒሞ አይተወውም፤ ለ20 ደቂቃ ያህል በ2000 ዙርና ከዚያ በላይ ይይዘዋል። በዝቅተኛ ዙር ወደ ካሙ የሚረጨው ዘይት ስለሚያንስ የመጀመሪያው ደቂቃ ውስጥ ሊበላ ይችላል።

አሁን ወደ ሞተር ሳይክሉ እንለፍ። ትሪተን ማለት የኖርተን ሻንሲ ላይ የትሪያምፍ ሞተር የተጫነበት ነው፤ ስሙም ከሁለቱ ተጣምሮ የወጣ ነው። ፌዘርቤድ የሚባለውን ሻንሲ የነደፉት የቤልፋስቶቹ ማካንድለስ ወንድማማቾች ሲሆኑ፣ ጂኦፍ ዱክ በ1950 በአይል ኦፍ ማን ውድድር ያሸነፈው በዚሁ ነው። የትሪያምፍ ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተር ደግሞ ከኤድዋርድ ተርነር የ1937 ሥራ የሚወርድ ነው። ምርጥ ሻንሲ ከኖርተን፣ በቀላሉ ጉልበት የሚጨመርበት ሞተር ከትሪያምፍ፤ ወጣቶቹ ሁለቱን አጋቡ። ከመኪናም ጋር የሚያገናኘው ታሪክ አለ። በ1950ዎቹ የ500 ሲሲ ፎርሙላ ሦስት መኪና ሠሪዎች የኖርተንን የውድድር ሞተር ይፈልጉ ነበር፤ ፋብሪካው ግን ሞተሩን ብቻ ነጥሎ አይሸጥም። ስለዚህ ሙሉ ሞተር ሳይክል ገዝተው ሞተሩን ያወጡና ባዶው ሻንሲ ይቀራል። ከትሪተኖቹ የተወሰኑት የተሠሩት በነዚህ ትርፍ ሻንሲዎች ነው። ለንደን ውስጥ ኤስ ካፌ በሚባለው ቤት የሚሰበሰቡት ወጣቶች ካፌ ሬሰር የሚለውን ዓይነት ታዋቂ አደረጉት። ካፌው በ1938 ተከፍቶ፣ በ1969 ተዘግቶ፣ በ2001 እንደገና ተከፍቷል።

ትሪተን ሲያዩት ወንበሩና ታንከሩ ያምራል፤ መሐንዲስ ግን የሚያየው ሁለቱን የሚያገናኘውን የአሉሚኒየም ሰሌዳ ነው። በትሪያምፉ ሞተር ሁለቱ ፒስተኖች አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይወርዳሉ፤ ስለዚህ ንዝረቱ ከባድ ነው። ሰሌዳው ስስ ከሆነ ወይም ቀዳዳው ከቡለኑ ከሰፋ ይላላል። ከሲሊንደሩ ራስ ወደ ሻንሲው የሚሄደው ትንሿ ማሰሪያ ብዙ ጊዜ ለውበት ሲባል ትተዋለች፤ እሷ ከሌለች ሞተሩ ሰሌዳውን እየወዘወዘ ይሰነጥቀዋል። የሰንሰለቱም መስመር አለ። እስከ 1962 ድረስ የ650ው ትሪያምፍ ሞተርና ካምቢዮ የተለያዩ ስለነበሩ የሞተሩ ጥርስ፣ የፍሪሲዮኑና የኋላ ጎማው ጥርሶች ቀጥ ብለው መሰለፋቸው በቀጥታ ማስመሪያ ይታያል።

ሻንሲ መቁረጥና መበየድ ላይ ግን ጠንከር ያለ አቋም አለኝ። የውድድሩ ማንክስ ሻንሲ ሬይኖልድስ 531 ከሚባል ስስ ብረት ተሠርቶ በነሐስ የተያያዘ ነው፤ የመንገዱ ግን ተራ ብረት ነው። ምን እንደሆነ ሳያውቁ የኤሌክትሪክ ብየዳ መለኮስ፣ ከብየዳው አጠገብ ያለውን ቧንቧ አድክሞ ሰውን መንገድ ላይ መጣል ነው። ደግሞስ ያልተነካ የድሮ ሞተር ሳይክል እያነሰ ነው የሚሄደው። ቡለን ፈትቶ የሚገጠም ለውጥ ነገ ይመለሳል፤ የተቆረጠ ግን አይመለስም።

አጭሩ መሪ ከተገጠመ በኋላ ሥራው አላለቀም። ሞተሩን አስነስቶ በሚኒሞ ትቶ፣ መሪውን ከግራ ጥግ እስከ ቀኝ ጥግ በዝግታ ማዞር ነው። እጁ ታንከሩን መንካት የለበትም፤ የፍሬኑም ገመድ መወጠር የለበትም። በመዞሩ ጊዜ የሞተሩ ድምፅ ከፍ ካለ የነዳጅ ገመዱ አጥሯል ማለት ነው፤ ተፈትቶ በሌላ መንገድ ይዘረጋል፣ ከዚያም ሙከራው ይደገማል።