አባባ ተስፋዬ፦ ተረትን ከአፍ ወደ መጽሐፍ

በአገራችን ተረት ሳይሰማ ያደገ ሰው የለም። ማታ ከብቱ በረት ሲገባ፣ እሳቱ ሲነድ፣ ልጆች አያታቸውን ከበው ይቀመጣሉ። በአማርኛ «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብለው ይመልሳሉ። በኦሮምኛ ደግሞ «ኦዱ ዱሪ» ይባላል፤ የድሮ ወሬ ማለት ነው። ጅቡ ይሞኛል፣ ጥንቸሏ ታመልጣለች፣ ልጆቹም ይስቃሉ። ታዲያ ተረት መናገርን ሥራዬ ብሎ ይዞ፣ ዕድሜውን የገፋበትና መጽሐፍም የጻፈበት ሰው አለ ወይ? አዎ፣ አለ። በዚህ ትምህርት የምናነበው ስለ እንደዚህ ያለ ሰው ነው።

ትውልድና ወጣትነት

ከነገሌ ቦረና ተነሥቶ የገናሌን ወንዝ የሚሻገር ሰው ባሌ ይገባል። ተስፋዬ ሣህሉ የተወለዱት በዚያው በባሌ በ1915 ዓ.ም. ነው። ፋሽስት ኢጣሊያ በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ሲወር ገና ልጅ ነበሩ። ጠላት በ1933 ዓ.ም. ከተባረረ በኋላ በአዲስ አበባ የቴአትር ሥራ ጀመሩ።

በዚያን ጊዜ ሴት ልጅ መድረክ ላይ ወጥታ ትጫወት ዘንድ አይፈቀድም ነበር፤ እንደ ነውር ይቆጠር ነበር። ስለዚህ በቴአትሩ ውስጥ ሚስት ወይም እናት ስታስፈልግ፣ ወጣቱ ተስፋዬ የሴት ልብስ ለብሰው የሴቷን ቦታ ይጫወቱ ነበር። ይሄ ቀላል ሥራ አይደለም። የሌላውን ሰው አነጋገር፣ አካሄድና አመል አጥንቶ መያዝ ይጠይቃል። ኋላ ላይ ተረት ሲናገሩ እንደ አንበሳ ሲያገሱ፣ እንደ አሮጊት ሲናገሩ፣ ይህ ችሎታ ጠቅሟቸዋል።

በ1943 ዓ.ም. የቃኘው ሻለቃ ወደ ኮሪያ ዘመተ። ተስፋዬም ከአገሩ ርቆ ለሚዋጋው ወታደር ትርዒት ለማሳየት እስከ ኮሪያ ተጉዘዋል። ከዚያም በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው፣ በኋላ ብሔራዊ ቴአትር በተባለው ትልቅ ቤት ውስጥ ብዙ ዘመን ሠርተዋል።

የልጆች አባባ

ቴሌቪዥን በአገራችን የተጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። ተስፋዬ ሣህሉ ከመጀመሪያው አንሥተው በቴሌቪዥን ለልጆች ተረት ይነግሩ ጀመር። ለ42 ዓመት ያህልም ሳይሰለቹ ሠሩ። ልጅ ሆነው ያዳመጧቸው አድገው፣ አግብተው፣ የራሳቸውን ልጆች ፊታቸው አስቀመጡ። ልጆቹም «አባባ ተስፋዬ» አሏቸው። «አባባ» ልጅ አባቱን ወይም የሚያከብረውን ሽማግሌ የሚጠራበት ስም ነው፤ ይኸው ስም እስከ መጨረሻው ቀረላቸው።

አባባ ተስፋዬ ልጆችን «ጤና ይስጥልኝ» ብለው ነበር ሰላም የሚሉት። ይህ ሰላምታ ለትልቅ ሰው የሚሰጥ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። እሳቸው ግን ልጅን «ሂድ ወዲያ» የሚባል ፍጡር አድርገው አላዩትም። ካከበሩት በኋላ ተረቱን ይነግሩታል፤ ሲጨርሱም ምክሩን ያስረዱታል። የተከበረ ልጅ ምክር ይሰማል።

መጽሐፉ ለምን አስፈለገ?

አባባ ተስፋዬ የልጆች ተረት መጻሕፍትም ጽፈው አሳትመዋል። ቴሌቪዥን እያለ መጽሐፍ ምን ያደርጋል? እንል ይሆናል። ቴሌቪዥን መብራት ይፈልጋል፤ መብራት በሌለበት መንደር አይታይም። በሰዓቱ ያልተገኘ ልጅም ተረቱ ያመልጠዋል። መጽሐፍ ግን በአህያ ጭነትም፣ በኪስም ይሄዳል። ደግመው ቢያነቡት አያልቅም።

በእኛ ቆላ አገር ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከኤላ የተቀዳ ውኃ በእጅ ቢይዙት ይፈሳል፤ ገንዳ ላይ ሲገለበጥ ግን ከብቱ ሁሉ ተራ በተራ ይጠጣዋል። የአፍ ተረት በእጅ እንደተያዘው ውኃ ነው። መጽሐፍ ገንዳው ነው።

የቦረና ሽማግሌዎች የገዳ አባቶችን ስም ከነዘመናቸው በቃል ይቆጥራሉ። ይህ ትልቅ ዕውቀት ነው። ነገር ግን ድርቅ ሲመጣ፣ ሰው ሲበተን፣ ልጆች ከተማ ሲገቡ፣ ማታ እሳት ዳር የሚቀመጠው ልጅ ቁጥሩ ያንሳል። ሽማግሌው ሰሚ ሳያገኝ ከሞተ፣ ተረቱ አብሮት ይቀበራል።

በጀርመን አገር ግሪም የሚባሉ ሁለት ወንድማማቾች ይህን ተረድተው ነበር። ከሰው አፍ የሰሙትን ተረት ሰብስበው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1812 መጽሐፍ አወጡ። ተረቶቹ ዛሬም በዓለም ዙሪያ ይነበባሉ።

ተረት እንዴት ይጻፋል?

እናንተም ፊደል ቆጥራችኋልና መጻፍ ትችላላችሁ።

1ኛ/ ተረቱን በሰማችሁበት ቋንቋ ጻፉት። በኦሮምኛ የሰማ በኦሮምኛ፣ በሱማልኛ የሰማ በሱማልኛ፣ በአማርኛ የሰማ በአማርኛ ይጻፍ።

2ኛ/ ሽማግሌው ወይም አሮጊቷ ሲናገሩ አታቋርጧቸው። መጀመሪያ ስሙ፣ ከዚያ ጻፉ።

3ኛ/ ሰው ሲያወራ እጁና ዓይኑ ያግዙታል። ወረቀት ግን እጅም ዓይንም የለውም። ስለዚህ ማን እንደተናገረ፣ የት እንደሆነ፣ ጊዜው ማታ ይሁን ጠዋት በግልጽ አስፍሩ።

4ኛ/ ጽፋችሁ ስትጨርሱ ለልጅ አንብቡለት። ልጁ «ከዚያስ?» ካለ ተረቱ ደህና ነው። ካንቀላፋ ግን የረዘመውን አሳጥሩ።

5ኛ/ ተረቱን የነገራችሁን ሰው ስም፣ ቀኑንና ቦታውን ከታች ጻፉ። ባለቤቱ ይታወቅ።

አባባ ተስፋዬ በ2009 ዓ.ም. በ94 ዓመታቸው አረፉ። የነገሯቸው ተረቶች ግን በመጻሕፍታቸውና በሰሟቸው ልጆች ዘንድ አሉ።

አዳዲስ ቃላት
ደራሲ፦ መጽሐፍ አስቦ የሚጽፍ ሰው
መድረክ፦ ተጫዋቾች ቆመው የሚታዩበት ከፍ ያለ ቦታ
ትርዒት፦ ለተመልካች የሚቀርብ ጨዋታ

ጥያቄዎች
1. አባባ ተስፋዬ የሴት ቦታ ይዘው የተጫወቱት ለምንድን ነው?
2. ልጆችን በምን ሰላምታ ይቀበሏቸው ነበር? እናንተስ ልጆቻችሁን እንዴት ታናግራላችሁ?
3. ከአያታችሁ የሰማችሁት፣ ልጆቻችሁ ግን የማያውቁት ተረት አለ? በደብተራችሁ ላይ ጽፋችሁ ለሚቀጥለው ትምህርት ይዛችሁ ኑ።